ክረምትና የስሌት ፊዚክስ

(የፊዚክስ ክበብ አባሎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ያሰሙት ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ታላቅ ጉባኤ ፊት፤ እኛ የፊዚክስ ክበብ አባሎች ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለ ተፈቀደልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ከእኛ አስቀድመው የተናገሩት ታላላቆቻችን ትምህርት ቤቱ ያለፈበትን መንገድ ነግረውናል። እኛ ግን ያለፈውን ለመተረክ ዕድሜያችን ስለማይፈቅድልን፤ በያመቱ ስለሚመጣውና በያመቱ ሳንጠቀምበት ስለሚያልፈው ጊዜ፤ ይኸውም ስለ ክረምት ለመናገር መረጥን።

ክረምት ለኛ የዝናብ፣ የጭቃና የዕረፍት ወራት ነው። ሰኔ ሲያልቅ ፈተና ያልቃል፤ የክፍሎቹም በሮች ይቆለፋሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ ደግሞ በዚሁ ወራት ፀሐይ ትበረታለች፤ ትምህርት ቤቶችም እንደኛው ይዘጋሉ። ነገር ግን በነዚያ አገሮች የሚገኙ ታላላቅ የምርምር ቤቶች በዚህ ጊዜ በራቸውን ለተማሪ ይከፍታሉ። ተማሪው ከሊቃውንት ጋራ በአንድ ገበታ ተቀምጦ፤ መልሱ በመጽሐፍ መጨረሻ ያልተጻፈ ጥያቄ ተሰጥቶት፤ ስምንት ወይም ዐሥር ሳምንት ይሠራል። ዛሬ የምንናገረው ስለዚህ ዓይነቱ የክረምት ምርምር ነው። ከሳይንስም ክፍል የስሌት ፊዚክስ የሚባለውን መርጠናል፤ የመረጥንበትንም ምክንያት ወደ ፊት እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የስሌት ፊዚክስ ምንድን ነው?

በክፍል ውስጥ የምንማረው ፊዚክስ ሁለት እግሮች አሉት። አንደኛው የተፈጥሮን ሕግ በሒሳብ መጻፍ ነው፤ ሁለተኛው ሕጉ እውነት መሆኑን በሙከራ መመርመር ነው። ነገር ግን ሕጉ ታውቆ ሳለ መልሱ በእጅ የማይደረስበት ብዙ ነገር አለ። ፀሐይና አንዲት ፕላኔት ብቻ ቢሆኑ የፕላኔቲቱን መንገድ በአንድ መስመር ሒሳብ መጻፍ ይቻላል። ሦስተኛ አካል ሲጨመር ግን ያ ቀላል መስመር ይጠፋል። ያን ጊዜ የሚቀረው ዘዴ አንድ ነው፤ ጊዜን በትንንሽ ቆርሶ፤ አካሎቹ አሁን ያሉበትን ዐውቆ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚደርሱበትን ማስላት፤ ከዚያም እንደገና፤ ከዚያም እንደገና። ይህን ሥራ በብርቱ ትዕግሥት የሚያካሂደው የፊዚክስ ክፍል የስሌት ፊዚክስ ይባላል።

ይህ ጥበብ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። የሃሌ ጅራታም ኮከብ የሚመለስበትን ጊዜ ለማወቅ በ1758 በፓሪስ አሌክሲ ክሌሮ፣ ዤሮም ላላንድና ወይዘሮ ኒኮል ሬን ሌፖት የሚባሉ ሦስት ሰዎች ወራት የፈጀ ሒሳብ በእጃቸው አስልተዋል። ጁፒተርና ሳተርን የሚባሉት ታላላቅ ፕላኔቶች ኮከቡን እየሳቡ መንገዱን ምን ያህል እንደሚያዘገዩት ርምጃ በርምጃ አሰሉ። ኮከቡ በ1759 በሚያዝያ ወር አጋማሽ ገደማ ለፀሐይ እንደሚቀርብ፤ ምናልባትም አንድ ወር ያህል ቢሳሳቱ እንደማይደንቅ አስታወቁ። ኮከቡም መጋቢት 13 ቀን ቀረበ። ስሕተታቸው እነርሱ ራሳቸው ከወሰኑት ልክ አላለፈም። እኛን ከስሌቱ ይልቅ የደነቀን ይህ ነው፤ መልሳቸውን ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ሊሳሳቱ እንደሚችሉም አስቀድመው መናገራቸው።

በአንድ ክረምት የተገኘ ነገር

ኮምፒዩተር ከተፈጠረ በኋላ ግን ወራት የሚፈጀው ስሌት በሰዓታት፤ ቆይቶም በሴኮንዶች የሚያልቅ ሆነ። በ1946 ስታኒስላቭ ኡላም የሚባል የሒሳብ ሊቅ ከሕመም ሲያገግም ጊዜውን ለማሳለፍ ብቻውን ካርታ ይጫወት ነበር። ጨዋታው የሚሳካው ከስንት አንድ ጊዜ እንደሆነ በሒሳብ ለማወቅ ሞክሮ ቢያስቸግረው፤ «መቶ ጊዜ ተጫውቶ የተሳካውን መቍጠር አይቀልምን?» ብሎ አሰበ። ይህንንም ሐሳብ ከጆን ፎን ኖይማን ጋራ ተመካክረው የኒውትሮንን ጉዞ ለማስላት አዋሉት። ዘዴው በሞናኮ ባለው የቁማር ከተማ ስም «ሞንቴ ካርሎ» ተባለ፤ በዚሁ ስም ኒኮላስ ሜትሮፖሊስና ኡላም በ1949 አሳተሙት። ዛሬ በሳይንስ ቤት ሁሉ የሚሠራበት ዘዴ ነው።

እነዚህ ሰዎች ይሠሩበት የነበረው ሎስ አላሞስ፤ በኒው ሜክሲኮ የሚገኘውና የአቶሚክ ቦምብ የተሠራበት የምርምር ቤት ነው። ይህን ሳንናገር ብናልፍ ታማኞች አንሆንም። ዕውቀት በማን እጅ እንደሚገባና ለምን እንደሚውል ማሰብ የተማሪ ግዴታ ነውና። ነገር ግን በዚያው ቤት ለጦርነት ያልታሰበ፤ ለዕውቀት ብቻ የተደረገ አንድ ሙከራ አለ፤ ታሪኩም ከዛሬው ነገራችን ጋራ በብርቱ የተገናኘ ነው።

ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ኤንሪኮ ፌርሚ ክረምቱን በሎስ አላሞስ ያሳልፍ ነበር። በ1953 ክረምት ከኡላምና ከጆን ፓስታ ጋራ ሆኖ፤ ማኒያክ በሚባለው የሒሳብ መኪና አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ለመመርመር ተነሣ። በሞላ የተያያዙ እስከ 64 የሚደርሱ ትንንሽ ክብደቶች በአንድ ረድፍ ቢደረደሩ፤ እንደ ክራር ጅማትም ቢነዘሩ፤ ሞላዎቹም ሲለጠጡ መልሰው የሚጎትቱበት ኃይል ከልጠጣው ጋራ ልክ በልክ የማይሄድ ቢሆን፤ በመጀመሪያው ንዝረት ውስጥ የነበረው ጉልበት ወዴት ይሄዳል? ሁሉም የጠበቁት ጉልበቱ ቀስ በቀስ ለሁሉም ዓይነት ንዝረት በእኩል ይከፋፈላል ብለው ነበር። መኪናው ግን ሌላ ነገር አሳየ። ጉልበቱ ለጥቂቶቹ ንዝረቶች ተካፈለና፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ መጀመሪያው ንዝረት ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ተመለሰ።

ፌርሚ በኅዳር ወር 1954 ስለ ሞተ ጽሑፉ በ1955 ሲወጣ በሕይወት አልነበረም። ምሥጢሩ በከፊል የተገለጠው በ1965 ኖርማን ዛቡስኪና ማርቲን ክሩስካል «ሶሊቶን» ብለው የሰየሙትን፤ ሳይበተን የሚጓዝ ማዕበል ባገኙ ጊዜ ነው። ብዙ ሰዎች የስሌት ፊዚክስ ልደት ይህ የሎስ አላሞስ ሙከራ ነው ይላሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኅቶቻችን የምንነግረው አንድ ነገር አለ። ለመኪናው ትእዛዙን የጻፈችውና ሥራውን ያካሄደችው ሜሪ ሲንጎ የምትባል ወጣት ሴት ነበረች። በ1955 ጽሑፍ ላይ ስሟ የተጠቀሰው ከገጹ ግርጌ በምስጋና ብቻ ነበር። ሙከራውም ለብዙ ዓመታት በሦስቱ ወንዶች ስም ብቻ ሲጠራ ኖረ። በ2008 አንድ የፊዚክስ መጽሔት የድርሻዋን ካስታወሰ ወዲህ ግን ብዙ ሊቃውንት የእርሷንም ስም ጨምረው ይጠሩታል። ሥራ ባለቤቱን ለመጥራት ሊዘገይ ይችላል እንጂ ጨርሶ አይረሳም። ይሁን እንጂ ሃምሳ ዓመት መዘግየት የሚገባው አልነበረም።

እኛ በአንድ ክረምት የሠራነው

ይህን ታሪክ ካነበብን በኋላ «እኛስ?» ብለን ጠየቅን። ባለፈው ክረምት ዘጠኝ የክበቡ አባሎች፤ መምህራችን ባዋሱን አንድ ኮምፒዩተር ሥራ ጀመርን። ፓይተን የሚባለው የትእዛዝ ቋንቋ ዋጋ የማይከፈልበት ስለሆነ ገንዘብ አላስፈለገንም።

መጀመሪያ የሞንቴ ካርሎን ዘዴ ያለ ኮምፒዩተር ሞከርነው። በካርቶን ላይ አራት ማዕዘን ሥለን፤ በውስጡ ጠርዙን የሚነካ ክብ አደረግንና ከአንዲት አባላችን ቤት የመጣ ሽምብራ በተንንበት። በካርቶኑ ላይ ካረፉት 200 ፍሬዎች 154ቱ በክቡ ውስጥ ተገኙ። 154ን ለ200 አካፍለን በአራት ስናበዛው 3.08 ሆነ፤ ይህም ፓይ የሚባለው ቍጥር ግምት ነው። እውነተኛው 3.14 ገደማ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቀጥለን ኮምፒዩተሩ አንድ ሚሊዮን ፍሬ በሐሳብ እንዲበትን አዘዝነው፤ ያን ጊዜ ስሕተቱ ከአንድ ሺህ ጥቂት እጅ ብቻ ሆነ። ከዚህ የተማርነው ሕግ ይህ ነው፤ ስሕተቱን በዐሥር እጅ ለመቀነስ ፍሬውን በመቶ እጅ ማብዛት ያስፈልጋል። ዕውቀት በነጻ አይገኝም፤ ዋጋውም አስቀድሞ ሊታወቅ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ግን ኀፍረት የሚገባ ነገር ደረሰብን፤ ብንደብቀው ትምህርቱ ስለሚጠፋ እንናገረዋለን። በሞላ ላይ የተንጠለጠለ ክብደት ሲወዛወዝ የሚሄድበትን መንገድ ርምጃ በርምጃ አሰላን። በወረቀት ላይ ስንሥለው ውዝዋዜው እየሰፋ፤ እየሰፋ ሄደ። እኛም አዲስ ነገር ያገኘን መስሎን በደስታ ወደ መምህራችን ሮጥን። እርሳቸው ሥዕሉን አይተው ዝም አሉና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን፤ «ልጆቼ፤ ጉልበቱ ከየት መጣ?»

መልስ አልነበረንም። የሚገፋው የሌለ ክብደት ጉልበቱ ሊጨምር እንደማይችል ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ተምረናል። ሦስት ቀን ሙሉ ፈልገን ጥፋቱን አገኘነው። እኛ በያንዳንዱ ርምጃ አዲሱን ቦታ በአሮጌው ፍጥነት፤ አዲሱንም ፍጥነት በአሮጌው ቦታ እናሰላ ነበር። በመረጥነው የጊዜ ቍራሽ ይህ አሠራር በየርምጃው ከመቶ አንድ እጅ ጉልበት ይፈጥራል፤ በሰባኛው ርምጃ ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል። አስቀድመን ፍጥነቱን አድሰን፤ ቦታውን በአዲሱ ፍጥነት ስናሰላ ግን ውዝዋዜው በልኩ ጸና። የተለወጠው የሁለት መስመሮች ቅደም ተከተል ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደተባለ፤ ኮምፒዩተር የታዘዘውን ያደርጋል እንጂ እውነት ይሁን ሐሰት አያውቅም። ፌርሚና ጓደኞቹ ያገኙት ድንቅ ነገር እውነተኛ ሆኖ፤ የኛ ድንቅ ነገር ስሕተት የሆነበት ልዩነት ይህ ነው፤ እነርሱ ጉልበቱን ይቈጥሩ ነበር፤ እኛ አልቈጠርንም።

የስሌት ፊዚክስን የመረጥንበት ምክንያትም አሁን ግልጽ ሳይሆን አይቀርም። ሌላው የፊዚክስ ምርምር ውድ መሣሪያ ይፈልጋል። ይህኛው ግን አንድ ኮምፒዩተር፤ ደብተርና ትዕግሥት ያለው ተማሪ በየትኛውም አገር ሊጀምረው የሚችል ነው።

የተከፈቱት በሮች

አሁን ወደ ዕድሎቹ እንምጣ። ከሁሉ አስቀድመን እውነቱን እንናገር፤ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚቀበሉ ናቸው። ስለዚህ ይህን የምንናገረው ነገ ለሚገባበት በር ዛሬ መዘጋጀት ስለሚያስፈልግ ነው።

በስዊስና በፈረንሳይ ወሰን ላይ፤ በጄኔቭ አጠገብ የሚገኘው ሴርን በ1954 ተመሠረተ። የክረምት ተማሪዎችን መቀበል የጀመረው በ1962 ነው። ፊዚክስ፣ ኮምፒዩተር፣ ኢንጂኔሪንግ ወይም ሒሳብ ተምረው በዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ያህል የፈጸሙ ተማሪዎች ይቀበላል። አባል ላልሆኑ መንግሥታት ተማሪዎችም የተለየ በር አለው። ተማሪዎቹ የሊቃውንትን ትምህርት ይሰማሉ፤ ከአንድ የምርምር ቡድን ጋራ ተመድበውም ይሠራሉ። ከሚሰጡት ሥራዎች ብዙዎቹ የስሌት ሥራዎች ናቸው፤ የአቶም ቅንጣቶች በመሣሪያ ውስጥ ሲያልፉ የሚሆነውን በኮምፒዩተር ማስመሰል፤ ይኸውም ያው የሽምብራችን ዘዴ ነው። የኮምፒዩተር ትምህርት ለያዙትም ኦፕንላብ የሚባል የዘጠኝ ሳምንት ፕሮግራም አለ።

በአሜሪካ ብሔራዊው የሳይንስ ፋውንዴሽን ከ1987 ጀምሮ ገና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የሚማሩ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ክረምቱን ምርምር እንዲሠሩ ይረዳል፤ ለተማሪውም አበል ይከፈለዋል። ይህ ዕድል የአገሩ ዜጎችና ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ላላቸው የተወሰነ ነው። ስለዚህ ከዚህ ሆነን ልንጠይቀው አንችልም። ነገር ግን በዋሽንግተንና በሌሎችም ከተሞች የሚኖሩ የብዙዎቻችን ወንድሞችና እኅቶች ሊጠይቁት ይችላሉና ይህን ቃል ብታደርሱላቸው መልካም ነው። ሎስ አላሞስም ዛሬ የራሱ የስሌት ፊዚክስ የክረምት ጉባኤ አለው፤ ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ አሠልጣኝ መሪነት ዐሥር ሳምንት ይሠራሉ። ፌርሚ ክረምቱን ባሳለፈበት ስፍራ ዛሬ ተማሪ ያሳልፍበታል።

ወደ እኛ የሚቀርቡ በሮችም አሉ። የፓኪስታኑ ሊቅ አብዱስ ሳላም በ1951 ወደ አገሩ ቢመለስ፤ ስለ ሥራው የሚወያየው ባልንጀራ አጥቶ በ1954 ለመውጣት ተገደደ። ይህ መከራ በሌላ ወጣት እንዳይደርስ በማሰብ በ1964 በኢጣሊያ በትሪየስቴ ከተማ ዓለም አቀፉን የቲዎሪ ፊዚክስ ማእከል አቋቋመ። በ1979ም የኖቤል ሽልማት ከሁለት ሊቃውንት ጋራ ተቀበለ። ማእከሉ በማደግ ላይ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ከ1991 ጀምሮ የአንድ ዓመት የዲፕሎማ ትምህርት ይሰጣል፤ ከ2018 ጀምሮም በሩዋንዳ በኪጋሊ ከተማ ለምሥራቅ አፍሪካ አጋር ተቋም አለው።

የአፍሪካ የፊዚክስ ትምህርት ቤት የሚባለው በነሐሴ 2010 በደቡብ አፍሪካ ተጀምሮ ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወረ ይካሄዳል። የቁስን ጠባይ ከአቶም ሕግ ተነሥቶ በኮምፒዩተር ማስላትን የሚያስተምር ሌላ የአፍሪካ ትምህርት ቤትም አለ። አሴስማ ይባላል፤ ለከፍተኛ ዲግሪ ተማሪዎችና ለወጣት መምህራን የተዘጋጀ ነው። እርሱም በ2018 እዚሁ በአዲስ አበባ ተደርጓል። እነሆ፤ በሩ ራሱ ተነሥቶ ወደ ደጃችን የመጣበት ጊዜ ነበር፤ ከኛ ግን ስንቶቻችን ሰማን?

ለኛ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም የተከፈተ አለ። ሴርን ከ2014 ጀምሮ በዓለም ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በቡድን ሆነው የቅንጣት ጨረር ሙከራ አቅደው እንዲወዳደሩ ይጋብዛል፤ አሸናፊዎቹ ያቀዱትን ሙከራ በእውነተኛው መሣሪያ እንዲፈጽሙ ይወሰዳሉ። በዚያው ዓመት ደግሞ ከታላቁ የቅንጣት ማፋጠኛ መሣሪያ የተሰበሰበውን የምርምር ቍጥር በከፊል ለዓለም ሁሉ በነጻ መስጠት ጀመረ። ፓስፖርትና ቪዛ ሳይጠየቅ፤ እዚሁ ተቀምጦ እውነተኛ የምርምር ቍጥር መመርመር ይቻላል ማለት ነው።

ጅብ ከሄደ

ነገር ግን በር መከፈቱ ብቻ አይበቃም። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ፤ በፊዚክስ እጅግ የተመሰገነ አንድ ታላቅ ወንድማችን ስለ ክረምት ምርምር የሰማው በሚያዝያ ወር ነበር። የማመልከቻው ጊዜ ግን በጥር ተዘግቷል። በሚቀጥለው ዓመት እንዳያመለክት የመጨረሻ ዓመቱን ጨርሶ ዲግሪውን ሊቀበል ሆነ። እርሱ ይህን ሲነግረን አልተማረረም፤ «እናንተ ግን እንደኔ አትሁኑ» ብቻ ነው ያለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው። ለክረምት የሚሆነው በር የሚዘጋው በብርድ ወራት፤ ብዙውን ጊዜ በጥርና በየካቲት መሆኑን እያንዳንዳችን በደብተራችን መጀመሪያ ላይ እንጻፈው።

የሚጠየቀውም ነገር በአንድ ሌሊት የሚዘጋጅ አይደለም። የትምህርት ውጤት፤ ተማሪው ለምን መሥራት እንደሚፈልግ በራሱ ቃል የጻፈው ደብዳቤ፤ የሚያውቁት መምህራን የሚሰጡት ምስክርነት፤ የሠራውም ነገር ይታያል። መምህር የማያውቀውን ተማሪ ሊመሰክርለት አይችልም። ስለዚህ መጠየቅ የሚያፍር ተማሪ ራሱን ይጎዳል። የሠራነውንም ነገር፤ ስሕተታችንንም ጭምር፤ በደብተር መጻፍ ልማድ ብናደርገው፤ ሲጠየቅ የምናሳየው እናገኛለን። ደግሞም «ገንዘብ ክፈሉና እናስገባችሁ» የሚል ሰው ቢመጣ አትመኑት፤ ሴርንም ሆነ የአሜሪካው ፋውንዴሽን ፕሮግራም ከአመልካች የማመልከቻ ዋጋ አይጠይቅም።

የምንለምነው

ክቡር ዲሬክተር፤ ክቡራን ወላጆች፤

ክረምት ለሁሉም ተማሪ የዕረፍት ጊዜ አለመሆኑን እናውቃለን። ከጀመርነው ከዘጠኛችን አራቱ ሥራውን አብረውን ሊፈጽሙ አልቻሉም። ሁለቱ ለአረም ወደ ገጠር ወረዱ፤ አንዱ ከአባቱ ጋራ በግንበኝነት ዋለ፤ አንዲቱም እናቷን ለመርዳት በገበያ ተቀመጠች። ሽምብራውን ያመጣችልን እርሷ ነበረች። ይህን የምንናገረው ለወቀሳ አይደለም፤ ወላጅን መርዳት የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ነሐሴ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ መጥታ የሠራነውን ካየች በኋላ፤ «ያቺን ጥፋት እኔ ብኖር አገኛት ነበር» ብላናለች። እንዳለችውም ታገኛት ነበር፤ ከኛ ሁሉ በሒሳብ የምትበልጠው እርሷ ናትና። የዚህ ዓይነት አእምሮ በክረምት በር ተቆልፎበት ሲቀር የሚጎዳው እርሷ ብቻ አይደለችም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፤ የትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል በሐምሌና በነሐሴ በሳምንት ሁለት ቀን፤ ይልቁንም ሥራ ያለበት ተማሪ ሊመጣ በሚችልበት በቅዳሜና በአንድ ከሰዓት በኋላ፤ እንዲከፈትልን። ቁልፉን የሚረከቡ፤ ክፍሉን የሚጠርጉ፤ ለጠፋውም የሚጠየቁ ተረኞች ከክበባችን እናቆማለን። ሁለተኛ፤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በያመቱ በኅዳር ወር የክረምት ዕድሎች ዝርዝርና የሚዘጉበት ቀን እንዲለጠፍ፤ ዝርዝሩንም አዘጋጅተን ለመምህራን የምናቀርበው እኛ ነን። ሦስተኛ፤ ዛሬ በመካከላችን የተገኛችሁ የቀድሞ ተማሪዎች፤ ከየሥራችሁና ከየአገሩ አንድ አንድ ተማሪ በደብዳቤ እንድትመክሩልን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ለናንተም ለጓደኞቻችን አንድ ቃል አለን። ከዚህ ጉባኤ ማንም ሰው ተነሥቶ ነገ ጄኔቭ አይደርስም፤ ምናልባትም ብዙዎቻችን ጨርሶ አንደርስ ይሆናል። ነገር ግን ሽምብራ በትኖ ፓይን ያገኘ፤ ስሕተቱንም ሦስት ቀን ፈልጎ ያገኘ ተማሪ፤ ሄደም ቀረም ምርምር ምን እንደሆነ ዐውቋል። «ጉልበቱ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ በጄኔቭም ሆነ በዚህች ክፍል ያው አንድ ነው።

በሚመጣው መስከረም፤ ክፍሉ ቢከፈትልን፤ በክረምቱ የሠራነውን ጽፈን በዚሁ ጉባኤ ፊት ለማቅረብ ቃል እንገባለን። ያን ጊዜ ንግግሩን የምታሰማው ሽምብራውን ያመጣችው እኅታችን እንድትሆን ምኞታችን ነው።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር።